ከ48 ቮልቱ ድሪል ውስጥ ያገኘኋቸው አምስት ድንጋዮች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አንድ ቤት ገብቼ የኩሽና ቁም ሳጥን ገጠምኩ፣ ሁለት በር አንጠለጠልኩ፣ የሦስት መስኮት መጋረጃ ብረት ሰቀልኩ። ስጨርስ የድሪሌ ባትሪ ገና አንድ መብራት ቀርቶት ነበር። ሁለተኛውን ባትሪ ከቦርሳው እንኳ አላወጣሁትም። ለብዙዎቻችሁ ተራ ነገር ይሆናል። እኔ ግን አምና በሰው ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጬ ባትሪ እስኪሞላ የጠበቅሁባቸውን ቀኖች አስታውሼ ደስ አለኝ፤ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

አጀማመሬ እንደ ብዙዎቻችሁ ነው። ለቤቴ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሠራሁ፣ ጎረቤት አየና ለእኔም አለ፣ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ እየተከፈለኝ መሥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሠራሁት በተውሶ ባለገመድ ድሪል ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራው ስለሚቆም ባለባትሪ ያስፈልገኛል ብዬ ገንዘብ አጠራቅሜ አዲስ አበባ ወረድኩ።

ያን ጊዜ የማውቀው ቮልት ሲበዛ ጉልበት ይበዛል የሚለውን ብቻ ነበር። አንዱ ላይ 18፣ አንዱ ላይ 20፣ አንዱ ላይ 48 ተጽፏል። ባለ 48ቱ ከሁሉም ረክሶ ሳገኘው ሳላመነታ ገዛሁት።

ለቺፑድና ለቆርቆሮ ምንም አልል፣ በደንብ ሠርቶልኛል። ችግሩ የመጣው የባሕር ዛፍ መቃን በ8 ሴንቲ ሜትር ቪቴ መምታት ስጀምር ነው። ቪቴው ግማሽ ሲደርስ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ለቅቄ እንደገና ስጫነው ሩብ ዙር ዞሮ ይቆማል። ቻርጀር ላይ ስሰካው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ያበራል፤ ሞላሁ ማለቱ ነው። መልሼ ስሠራበት ሦስት ቪቴ አስገብቶ ያው ይሆናል።

ሁለት ወር ሙሉ ያለቦታው ፈለግሁ። ፑንታ ቀየርኩ። የሞተሩን ካርቦን ቀየርኩ። ጊሩን ከፍቼ ግራሶ ሞላሁ። በመጨረሻ ጋሼ የምላቸው አንድ አንጋፋ አናጺ ማሽኑን ከእጄ ተቀብለው ሁለቴ አዞሩትና፣ «ልጄ፣ ማሽኑስ ጤነኛ ነው፤ የሚበላው አጥቶ ነው። ባትሪውን ክፈተው» አሉኝ።

ከፈትኩት። ውስጡ አምስት የባትሪ ድንጋይ (ሴል) ብቻ ተደርድሯል። እያንዳንዱ የሊቲየም ድንጋይ 3.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። አምስቱ በተከታታይ ሲገናኙ 18 ቮልት ይሆናሉ፣ ጢም ብለው ሲሞሉ 21። 48 ቮልት ለመድረስ 13 ድንጋይ ያስፈልግ ነበር። ሞልቶ ሳለ በቴስተር ስለካው 20.6 አነበበ። ያ 48 የሚል ጽሑፍ ቁጥር ብቻ ነበር። በነገራችን ላይ 18 እና 20 ተብለው የሚሸጡት ጥሩ ድሪሎችም በድንጋይ ቁጥር አንድ ናቸው፤ አንዱ መደበኛውን ቮልት ይጽፋል፣ ሌላው ሲሞላ የሚያሳየውን። በዚያ ልዩነት ገንዘብ አትጨምሩ።

ከዚያ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ማሽኑ እንደቆመ አራቱ 3.6 ያሳያሉ፣ አምስተኛው 2.7። በተከታታይ የታሰሩ ድንጋዮች ከደካማው በላይ መሄድ አይችሉም፤ እሱ ሲወድቅ ሁሉም ይቆማሉ። ቶሎ «የሚሞላውም» ትንሽ ወጥቶለት ትንሽ ስለሚገባለት ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ድንጋዮች አውጥቼ፣ በካውያ በይጄ ተካኋቸው። መጠናቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ይሆናል ብዬ ነበር። ድሪል ሲታገል 20 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል፤ የላፕቶፕ ድንጋይ ደግሞ ቀስ ብሎ እንዲሰጥ ነው የተሠራው። አራተኛው ቪቴ ላይ እጀታው ጋለ፣ ሽታ መጣ። ባትሪውን ነቅዬ ግቢው መሃል አሸዋ ላይ ጣልኩት። ልጆቼ አጠገቤ ቆመው ነበር። እሳት አልተነሣም፣ ነገር ግን ያን ቀን የተሰማኝን ፍርሃት አልረሳውም። እባካችሁ ማንም አይሞክረው።

ሁለተኛውን ስገዛ ማሽኑን ትቼ ባትሪውን ነው የመረጥኩት። ባለ 18 ቮልት፣ ብራሽለስ (ሞተሩ ካርቦን የሌለው)፣ 13 ሚሊ ሜትር የብረት ቻክ (ፑንታውን የሚይዘው አፍ)፣ ሁለት ባለ 4 አምፔር ሰዓት (የባትሪው መያዣ አቅም) ባትሪ። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙት፤ 18 በ4 ሲባዛ 72 ዋት ሰዓት ነው፣ የሚያሠራችሁ ይህ ቁጥር ነው። አምስት ትንንሽ ድንጋይ ብቻ ያለው ባትሪ 6 አምፔር ሰዓት ነኝ ካለ ደግሞ አትመኑት፤ የዚያ መጠን ጥሩ የሚባለው ድንጋይ እንኳ 3.5 አካባቢ ነው።

የደብረ ብርሃን ብርድ ግን በአዲሱም ላይ አስቸገረኝ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ባትሪውን በቆርቆሮ በተሠራው ሥራ ቤቴ አሳድሬ ጠዋት 1 ሰዓት ስጀምር ወዲያው ይደክማል፤ ረፋድ ላይ ግን ያው ባትሪ ይበረታል። ብርድ ጉልበቱን ያዝበታል እንጂ አይወስድበትም። የሚጎዳው ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ማድረግ ነው፤ ሊቲየሙ ድንጋዩ ውስጥ ብረት ሆኖ ይለጠፍና አቅሙ ለዘለቄታው ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ባትሪ ክረምት ከበጋ ሌሊቱን በዚያ ሥራ ቤት ስሞላው ነው የኖርኩት፤ ያ አምስተኛ ድንጋይ በዚህ ሳይሆን አይቀርም የተጎዳው። አሁን ባትሪዎቼ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያድራሉ፣ ጠዋት ከጋቢዬ ሥር ይዤያቸው እሄዳለሁ። ጣርማ በርን ወርጄ ቆላው ሸዋ ሮቢት ስሠራ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አልተዋቸውም፣ የጋለውንም ሳይበርድ አልሰካውም።

ለቤት ብቻ ለምትፈልጉ፦ ባለ 12 ቮልት፣ 10 ሚሊ ሜትር ቻክ ያለው ይበቃችኋል። ቀላል ነው፣ መሰላል ላይ ክንድ አያደክምም። ለቤት 18 ግዙ ከሚሉ ሰዎች ጋር አልስማማም። በዚያው ገንዘብ ሁለተኛ ባትሪ ጨምሩበት። መቶ ፑንታ ያለበትን ሳጥንም ተዉት፤ 3፣ 4፣ 5፣ 6 እና 8 ሚሊ ሜትር ጥሩ ጥሩውን ለዩና ያዙ።

የመዶሻ ምልክት ያለበትን ድሪል ለብሎኬት ተጠቀሙበት። ለእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ግንብ ግን አይሆንም። ሁለት ጥርስ እየተፋተገ የሚያንቀጠቅጥ እንጂ የሚመታ አይደለም፤ ሦስት ፑንታ አቃጥዬበታለሁ። ለዚያ በፒስተን የሚመታው፣ ኤስዲኤስ የሚባለውን ጎድጎድ ያለ መያዣ ያለው ፑንታ የሚይዘው ሮታሪ ሃመር ነው የሚያስፈልገው፤ እኔ ሥራ ሲኖር እከራያለሁ።

ቁጥር ያለበት ቀለበት ክላቹ ነው፤ ቪቴው ሲጠብቅ ማዞሩን ያስለቅቃል፣ በድሪል ምልክቱ ላይ ግን አይለቅም። እኔ ለወራት በድሪል ምልክቱ ላይ ትቼው የስንቱን ሰው ማጠፊያ ቪቴ ቺፑድ ውስጥ እንዳላላሁት። ከትንሹ ቁጥር ጀምሩ፣ ካልያዘ ጨምሩ። ለቪቴ ማርሽ 1፣ ለትንሽ ቀዳዳ ማርሽ 2። ደረቅ ባሕር ዛፍና ወይራ ላይ ደግሞ ቀድማችሁ በቀጭን ፑንታ ብሱ፤ እንጨቱም አይሰነጠቅም፣ ባትሪውም አይታገልም።

የመጀመሪያው ድሪል ሞተሩ አሁንም ደህና ነው፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ለድሪል የተሠሩ ድንጋዮችን በካውያ ሳይሆን በነጥብ ብየዳ የሚያስር ባለሙያ እዚህ ደብረ ብርሃን የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ ሥራ ሊጀምር ለሚፈልግ ለጎረቤቴ ልጅ ልሰጠው አስቤያለሁ።