ስኳሬ ስንት እንደሆነ ብቻ አትጠይቁኝ

ዓይነት 1 ስኳር ይዞ መኖር ላይ በጣም የሚያደክመው መርፌው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መርፌ ይለመዳል። ሂሳቡ ግን አይለመድም። የሰውነት መከላከያ ቆሽት ውስጥ ያሉትን፣ ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን የሚያመርቱ ሴሎች አጥፍቷቸዋል፤ ስለዚህ ቆሽት ዝም ብሎ ይሠራው የነበረውን እኛ ቀን ከሌት እያሰብን እንሠራዋለን። ስንት ዩኒት ኢንሱሊን ልውሰድ? ከተኛሁ በኋላ ይወርድብኝ ይሆን? ትናንት በዚሁ ምግብና በዚሁ መጠን ደህና የነበረው ዛሬ ለምን 280 mg/dL ገባ?

የሚያናድደኝ ቁጥሩ እንደ ፈተና ውጤት መታየቱ ነው። ከፍ ሲል ወዲያው "ምን በልተሽ ነው?" ይመጣል። ጉንፋን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት ራሱ ስኳር ይጨምራሉ እኮ! ስንጨነቅ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖች ይጨምራሉ፣ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ እኛም ቁጥሩን አይተን እንደገና እንጨነቃለን። ካደጉ በኋላ የተያዙ ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ "ዓይነት 2 ነው" ይባላሉ። ክኒኑ አልሠራ ሲል ጥፋቱ የእነሱ ይመስል ይወቀሳሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ስኳሩ ከ70 በታች ሲወርድ ያለው ፍርሃት ሌላ ነው። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልብ ምቱ ከድንጋጤ ጋር ስለሚመሳሰል ሳይለኩ መለየት ያስቸግራል። አንዴ ተኝቶ በኃይል የወረደበት ሰው ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሆን ብሎ ስኳሩን ከፍ አድርጎ ቢተኛ እኔ አልፈርድበትም፤ ፍርሃቱን ለሐኪሙ ቢነግር ግን መጠኑ ሊስተካከልለት ይችላል።

ይሄ ድካም በሕክምናም የታወቀ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊሊያም ፖሎንስኪና ባልደረቦቹ በ1995 (እ.ኤ.አ.) የሚለካበትን 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አሳትመዋል። ድካሙ ከድባቴ ይለያል፤ ምንጩ ከስኳሩ ጋር የመኖር ሸክም ነው። ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉ። ስለዚህ "ድባቴ የለብህም" መባል ደህና ነህ ማለት አይደለም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ውጤቱ ከመታየቱ በፊት "ከስኳሩ ጋር መኖር አድክሞኛል" በሉ። ከሁሉም በላይ የከበዳችሁን አንድ ነገር ጥቀሱና ከሐኪሙ ጋር እሱን ለማቅለል ሞክሩ። ቤተሰቦችም፣ ከቁጥሩ በፊት እንዴት እንዳደርን ጠይቁን። ኢንሱሊኑን መውሰድ ወይም መኖር ራሱ ካስጠላችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና አብራችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።