ስም ቀድሞ መጥራት

ዛሬ ሰማዩ እንደከበደ ዋለ። እኔንም ከበደኝ። የተለየ ነገር ሆኖ አይደለም። እማዬ ስኳር ገዝታ መጣች፣ በቃ።

ሱቅ የምትሄደው ብቻዋን ነው። ባለሱቁን ግን አደራ ብዬዋለሁ። የሰጠችውን ይቀበላል፣ ከጎደለ ማታ እኔ እሞላለሁ። ብር የተቀየረው በ2013 ነው፤ እሷ ግን ዛሬም ሁለት መቶውን እያገላበጠች «በሬው የታለ?» ትላለች። በሬ የነበረው በድሮው ብር ላይ ነው።

ዕድርም ደጋግማ ትከፍላለች። ጸሐፊው «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ይቀበላትና ብሩን ለእኔ ይመልሳል። አንድም ቀን «ከፍለዋል እኮ» ብሎ ሰው ፊት አሳፍሯት አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ያብዛልን።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «እትዬ አልማዝ፣ እንደምን ዋሉ!» እላለሁ። እማዬ ከውስጥ ትሰማለች። «አልማዝዬ፣ ግቢ እንጂ! ቡናው ደርሷል» ትላለች። ስም ጠፍቷት ስትርበተበት ማየት አልችልም። ቡናውን ግን ማንም አይነካባትም። ስትቆላም ስትቀዳም እጇ አይሳሳትም።

መጀመሪያ ላይ ሁላችንም «እርጅና ነው» ብለን ነበር። ሐኪሙ ግን የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ አዘዘ። የእነሱ ጉድለትም ያስረሳል፣ ሲታከም ደግሞ ይሻላል። የእሷ ከዚያ አልሆነም። የመርሳት በሽታ ነው ተባልን።

ተባልን ስል እኔና ወንድሜን ማለቴ ነው። ለእሷ የነገራት የለም።

ባለፈው ሲኒ እያለቀለቀች «ስም ስትጠሪ ለምንድን ነው የምትጮኺው?» አለችኝ። «እትዬ አልማዝ ጆሯቸው ደከም ብሏል» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና ወደ ሲኒዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አልለቀቀኝም። ባለሱቁ ያውቃል፣ ጸሐፊው ያውቃል። የበሽታው ባለቤት እሷ ብቻ አታውቅም። ወንድሜ «ለምን ታስጨንቂያታለሽ? በሰላም ትኑርበት» ይላል። እውነት አለው። ግን ዛሬ ብነግራት ይገባታል፣ «እንዲህ አድርጉልኝ፣ ይህን አትንኩብኝ» ማለት ትችላለች። ከርሞ ላትችል ትችላለች። እኔ ብሆን ማወቅ እፈልግ ነበር።

እሷስ? ሳልነግራት እንዴት አድርጌ ልጠይቃት?