ቻፕሊን የገባበት የድሆች ማደሪያ

ዛሬ ለንደን፣ ኬኒንግተን ያለውን የሲኒማ ሙዚየም አየሁት። ለፊልም ብዬ ሄጄ ግድግዳው ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ቤቱ ድሮ የላምቤዝ ሰፈር የድሆች ማደሪያ ነበር፤ ችግረኞች እየሠሩ የሚጠለሉበት። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ነው።

እኔ እስር ቤት የመሰለ ነገር ነበር የጠበቅኩት። የጡብ ሥራው ግን ያስቀናል! ዛሬ ማን እንዲህ ተጨንቆ ይደረድራል?

ተንኮሉ ያለው ፕላኑ ላይ ነው። ሙዚየሙ ያለበት ይሄኛው፣ መሃል ላይ ያለው፣ የአስተዳደሩ ቤት ነበር። በአንድ በኩል የወንዶች መኝታ፣ በሌላው የሴቶች። ባልና ሚስት አብረው ገብተው እዚያው ይለያያሉ። ሕንፃው ራሱ ያፋታል በሉት። ቻርሊ ቻፕሊንም እ.ኤ.አ. በ1896፣ ገና በሰባት ዓመቱ፣ ከእናቱና ከወንድሙ ጋር እዚህ ገብቷል።

መኝታዎቹ ፈርሰው መኖሪያ ቤት ተሠርቶባቸዋል። የቀረውን በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚያንቀሳቅሱት። የድሮ ሲኒማ ቤት ወንበር፣ የአስተናጋጆች ዩኒፎርም፣ የፊልም ማሽን፣ ምን የሌለ አለ!

ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ አንድ ልጅ አለ፤ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱን ተደግፎ ብስኩቱን ሻይዋ ውስጥ ይነክራል።