ሁለት ስንዝር

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አጎቴ ቤት ነበርኩ። ልጃቸው በደርግ ዘመን ስለታሰሩ ሰዎች ዶክመንተሪ እየሠራች ነው፤ እኔ ማይክ ያዥ።

«ጋሼ፣ እስር ቤት እንዴት ነበር የምትተኙት?» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ተነሡና ምንጣፉን ጠቀለሉት። ሊሾውን በእጃቸው ለኩ፤ አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር። «ይቺ የእኔ ነበረች።» ጋቢያቸውን እንደለበሱ በጎናቸው ተጋደሙ፤ ጉልበታቸውን አጠፍ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው። በጀርባ መተኛት የለም። ሌሊት አንዱ «ተገልበጡ!» ሲል ሁሉም እኩል ይዞራል።

ዞረው አሳዩን። ቀስ ብለው፣ አጠገባቸው የተኛ ሰው እንዳይነኩ ተጠንቅቀው። አጠገባቸው ማንም የለም እኮ!

ቀይ ሽብር ሲባል 1969ን እና 1970ን እንጠራለን፣ የሞቱትን እናስባለን። ይገባል። ስንቅ ይዛ ሄዳ «ከእንግዲህ አታምጪ» የተባለች እናት የልጇን መርዶ የሰማችው በዚያች ቃል ነው። ግን ከዚያ የወጡትም አብረውን ቡና እየጠጡ አሉ። አጎቴን እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀናቸው አናውቅም። ይሄ አንገበገበኝ።

ቀረጻው አልቆ ምንጣፉን ልዘረጋ ስል «ቆይ» አሉኝ። «ከጎኔ ይተኛ የነበረውን ልጅ ስም ጻፉልኝ። እሱ አልወጣም።»