በክረምት ብስክሌት፦ ከሸኖ ሜዳ እስከ ጣርማ በር ቁልቁለት

በክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በብስክሌት እንደተጓዝኩ የሰማ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ዝናቡ ነው። ዝናቡ ግን በአግባቡ ከተዘጋጁለት ከመንገዱ ፈተናዎች ሁሉ ቀላሉ ነው ብዬ አምናለሁ። ዳገት የሚወጣ ሰው ቢረጥብም ሰውነቱ እየሠራ ሙቀት ያመነጫልና ብርዱ በቀላሉ አይደፍረውም፤ አደጋው የሚመጣው ዳገቱ አልቆ፣ በላብና በዝናብ የራሰው ልብስ ገላ ላይ እንደተጣበቀ፣ እግር ሥራ ፈትቶ ቁልቁለቱ ሲጀመር ነው። ስለዚህ የክረምት ጉዞ ሳስብ ካርታው ላይ መጀመሪያ የምፈልገው ቁልቁለቱን ነው።

የምጽፈው ከጦርነቱ በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስላደረግነው የሐምሌ ጉዞ ነው። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን አልፎ፣ አብዛኛው ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው። የክረምት ቀን እዚህ አገር የራሱ ሥርዓት አለው፦ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ብላ እርጥቡን መሬት ታሞቀዋለች፣ የሞቀው አየር እርጥበቱን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ ደመናው ይከመራል፣ ከቀትር በኋላም ዝናቡ አንዳንዴ ከነበረዶው ይወርዳል። ይህ ሥርዓት በየቀኑ ባይጠበቅም ጉዞን ለመመሥረት ይበቃል። እኛም ጎህ ሳይቀድ ተነስተን በሶ በጥብጠን እንጠጣና 12 ሰዓት ላይ መንገድ እንጀምራለን፤ ከ7 ሰዓት በኋላ ግን የቱንም ያህል ጉልበት ቢተርፈን ከተማ ካገኘን አናልፍም ነበር።

በሸኖና በጫጫ መካከል ያለው ሜዳ በተለይ መብረቅ ሲኖር የሚቀለድበት አይደለም። ገላጣ ስለሆነ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው በአካባቢው ካለው ነገር ሁሉ ረጅሙ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ብልጭታው ከታየ ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ያለውን ጊዜ መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት ቆጠራው ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ነው ማለት ነውና ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት ይገባል። ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል መጠለያ አይባልም። ከአስፋልቱ የወጡ እንደሆነ ደግሞ መረሬው አፈር ይጠብቃል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ይጠቀጠቅና ቸርኬው መዞር እስኪያቅተው ድረስ ያንቀዋል፤ በእንጨት እየፈለፈሉ ከማውጣት በቀር ሌላ መላ የለውም።

ከደብረ ብርሃን በኋላ መንገዱ እየወጣ ከ3000 ሜትር በላይ ወደሆነው የተራራ ማለፊያ፣ ወደ ጣርማ በር ይደርሳል። እዚያ ተራራው እንደ ግድግዳ ተቆርጦ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከቆላ የሚመጣው እርጥብ አየር ያንን ገደል ሲወጣ እየቀዘቀዘ ወደ ጉም ስለሚለወጥ ከጀርባችን ሰማዩ ጠርቶ እያለ እንኳ በሩ ላይ የፊታችንን አሥር ሜትር ማየት ያቃተን ጊዜ ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ መግቢያ ላይ ሲደርሱ የጭነት መኪና መምጣቱ የሚታወቀው በመብራቱ ሳይሆን በድምፁ ነው።

ከዋሻው በፊት ቆመን ልብስ ስንቀይር አንድ ከበግ ጸጉር የተሠራ ባና የለበሱ የመንዝ ሽማግሌ በጎቻቸውን ይዘው ያዩን ነበር። የእኔን ቀይ የዝናብ ልብስ ጫፉን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይኼ ውኃውን ይመልስልሃል፤ ብርዱን ግን ምን ያደርገዋል?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የበግ ጸጉር ረጥቦም ቢሆን ሙቀት ይይዛል፤ ጥጥ ግን ውኃውን ጠጥቶ ይከብድና ከገላ ሙቀት ይነጥቃል፤ ለዚህ ነው ቤት ውስጥ የሚመሰገነው ጋቢ ለእንዲህ ያለው መንገድ የማይሆነው። እዚያው ከሚሸጡ ልጆች የበግ ጸጉር ቆብ ገዛን፣ ውስጥ ልብሳችንን በሙሉ በደረቅ ለወጥን፣ ካልሲያችን ላይ ፌስታል አጥልቀን ጫማችንን አሰርን፣ ደረታችን ላይ ጋዜጣ አደረግን። ጋዜጣው አያስቅ፤ ነፋስ ስለሚከላከል የድሮ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ተራራ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ከተመልካች እየተቀበሉ ማልያቸው ውስጥ ይከቱት ነበር።

ይህን የዘነጋ ሰው ምን እንደሚደርስበት በ1988 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ዙር ውድድር ላይ ታይቷል። ጋቪያ በተባለው፣ ከጣርማ በር በከፍታ በሚያንስ ተራራ ላይ በረዶ እየጣለ ሆላንዳዊው ዮሐን ቫን ደር ቬልደ በአጭር እጅጌ ማልያ ሁሉንም ቀድሞ ጫፉ ላይ ደረሰ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ብርዱ አሸነፈው፤ ለመሞቅ ለመቆም ተገድዶ መጨረሻው ላይ የደረሰው ከ40 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን ከቡድኑ ጋር አስቀድሞ ሙቅ ልብስ አዘጋጅቶ ስለነበር በዚያው ቀን የመሪነቱን ማልያ ለበሰ፤ ውድድሩንም አሸነፈ። የሁለቱ ልዩነት የጉልበት አልነበረም።

የጣርማ በር ቁልቁለት ሌላው ጉዳይ ፍሬን ነው። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ መጀመሪያ ውኃውን ይጠርጋል እንጂ አይዝም፤ ስለዚህ ኩርባው ጋ ሲደርሱ ሳይሆን ገና ቀጥታው ላይ ነካ ነካ እያደረጉ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከመንገዱ የሚረጨው አሸዋ ከውኃው ጋር ተደባልቆ የፍሬኑን ጎማ እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ደብረ ብርሃን ላይ አዲስ ያስገባነው ደብረ ሲና ላይ ስናየው ግማሹ አልቋል። በዚያ ላይ ብርድ ያደነዘዘው ጣት ምን ያህል እንደጨበጠ አይታወቀውም። በየመሐሉ እየቆምን እጃችንን ብብታችን ውስጥ የምንከተው ለዚህ ነበር።

ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከጫፉ በ10 ዲግሪ የበለጠ ትሞቃለች፣ ልብሱም አጥር ላይ ተሰጥቶ ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ ብርዱ ይቀርና ነገሩ ጎርፍ ይሆናል። ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ውኃ ደረቅ የነበረውን ወንዝ ሞልቶ ድንጋይና ደለል ከጎን እያመጣ አስፋልቱ ላይ ይጥላል። አንድ ቦታ ላይ ሚኒባሶቹም ሲኖትራኮቹም ቆመው አገኘናቸው። ሹፌሮቹ ቆሎ አካፈሉን፤ ውኃው መጉደል ሲጀምርም መጀመሪያ ከባዱ መኪና እንዲያልፍ ተደረገና እኛ ብስክሌታችንን ትከሻችን ላይ አድርገን በጎማው ዱካ ተከተልነው።