እህቴን ጋደም ብላ ስትተኛ ያሳየኝ አምላክ

«ቤት ውስጥ ሰው ተኝቶ ጭቃ ላይ መንከባለል ምን ይሉታል?» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። በክፋት አልነበረም። ሰፈራችን አዛኝ ሰፈር ነው፤ ያዘነ ሰው ደግሞ ቤቱ ይቀመጣል ብሎ ያምናል። ያን ጊዜ የምመልሰው አልነበረኝም። አሁን አለኝ። እግዚአብሔር ለቤታችን ያደረገውን ስመሰክር ያንን የጭቃ ሩጫ ልዘለው አልችልም፤ የመጀመሪያውን መልስ ያገኘሁት እዚያ ነውና።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ታናሽ እህቴን በልጅነቷ ጉሮሮዋን ቶሎ ቶሎ ያማት ነበር። ቶንሲል ነው፣ ማር በዝንጅብል ስጧት ይባላል። ይሰጣታል፤ ያልፋል። ቆይቶ መገጣጠሚያዋን ያማት ጀመር። አንድ ሰሞን ጉልበቷን፣ ሌላ ሰሞን ክርኗን። ብርድ ነው ተባለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ ለማንኛውም ሕመም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርድ ነው። ከዚያ ዳገት መውጣት አቃታት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ እየቆመች ታርፋለች። ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ስትል ያፍናታል።

ሐኪሟ በልብ አልትራሳውንድ ካዩ በኋላ ቁጭ አድርገው አስረዱን። በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ካልታከመ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ልዋጋ ብሎ ሲነሳ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ልብ ውስጥ ደም የሚያሳልፈውን በር፣ ሊጎዳ ይችላል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ልጅ ያላችሁ እባካችሁ ይህችን ያዙልኝ። ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም ሲደጋገም በማርና በዝንጅብል ብቻ አትለፉት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የእህቴ ቫልቭ በጣም ጠብቦ ነበር። ደሙ እንደልብ ስለማያልፍ ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንባዋ ይጠራቀማል። የሚያፍናት ለዚህ ነው። በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ታዘዘላት። ከዚያ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዳ ቫልቩን በፊኛ የማስፋት ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለ። ደረት አይከፈትም። በብሽሽት ባለው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባና ልብ ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ ያለው ፊኛ ቫልቩ መሃል ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይነፋል። ስንሰማው ተስፋ አደረግን። ግን ወረፋ አለው። «ተራችሁ ሲደርስ ይደወልላችኋል» ተባልን።

ከዚያ በኋላ ያለው የስልክ ጥበቃ ነው። ታማሚ ያስጠበቀ ሰው ያውቀዋል። ስልክ በጮኸ ቁጥር እናቴ ከጓዳ ትወጣለች። የማናውቀው ቁጥር ከሆነ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንውጣለን።

ሌሊቱ ይብሳል። እህቴ ጋደም ማለት አትችልም። ትራስ ተደራርቦላት፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ቁጭ እንዳለች ታድራለች። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ። ትንፋሿን እያዳመጥኩ አድራለሁ። ትንሽ ዘግየት ካለ ብድግ እላለሁ። ቀን ሥራ ላይ ሆኜም ጆሮዬ እዚያው ነው። ሳልታመም ታመምኩ። ጸሎቴም እያጠረ መጣና አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ሌሊት ጋደም ብላ ስትተኛ አሳየኝ።» ብታደርግልኝ በአደባባይ እመሰክራለሁ ብዬ ተሳልኩ።

እናቴ በበኩሏ ደጅ ትጠና ነበር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን አይቶ ባሠራው በሥላሴ ደጅ ሳትቆም የሚውልበት ቀን ትንሽ ነው። ለጻድቃኔ ማርያምም ጃንጥላ ተሳለች። ጻድቃኔ ለእኛ ሩቅ አይደለችም፤ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሞጃና ወደራ ናት። ከየአገሩ ሕመምተኛ የሚመጣባት ጸበል ናት። እህቴን ወስደን አጥምቀናታል። ያኔ አንድ ዘመድ «ጸበል ከጀመረች መድኃኒቱ ይቁም» ብሎ ነበር። የንስሐ አባታችን ተቆጡ። «መድኃኒቱን የሰጠው ማን ሆነና ነው? ጸበሏን ትጠጣለች፣ መርፌዋንም ትወጋለች» አሉ። እግዚአብሔር ያክብራቸው። ያን ቀን ሌላ ቢሉን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ በሆነ ነበር።

ሩጫው የመጣው በዚህ መሃል ነው። አምስት ጓደኛሞች ነን፤ በደህናው ጊዜ ማለዳ ማለዳ ወደ በሬሳ ወንዝ በኩል አብረን እንሮጥ ነበር። እኔ ቀርቼ ነበር። ክረምቱ ሲገባ የከተማችን ልጆች የጭቃ መሰናክል ሩጫ እናዘጋጅ አሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ሜዳ ላይ ቦይ ቆፈሩ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ አጋደሙ፣ መረብ ዘረጉ፣ አሮጌ ጎማ ደረደሩ፣ አሸዋ በማዳበሪያ ሞሉ። ሕጉ አንድ ነው። በአምስት በአምስት ይሮጣል፤ ቡድኑ ገባ የሚባለው የመጨረሻው ሰው ሲገባ ነው። ጓደኞቼ ስሜን ሳይጠይቁኝ አስመዘገቡ። አልሮጥም አልኩ። ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን ቤት ድረስ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። «አንተ ከሌለህ አራት ነን። አራት ሰው አይሮጥም። እንግዲህ ያንተ ፈንታ» አለ።

እህቴ ይህን ሰምታለች። እሷ ሩጫ ነፍሷ ነው። ለሜቻ ግርማ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር ፓሪስ ላይ 3,000 ሜትር መሰናክልን በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረበትን ሩጫ በስልኬ ደጋግማ ታየዋለች። ሃያ ስምንቱን አጥር ትታ ሰባቱን የውሃ ዝላይ ነው የምትቆጥረው፤ ጣቷን እያጠፈች።

«ወንድምዬ» አለችኝ፣ ባጃጁ ሲሄድ። «እኔ ስለታመምኩ አንተም ልትታመም ነው?»

መልስ አጣሁ። «ሂድ ሩጥልኝ። ስትመለስ ደግሞ ሳትታጠብ ና። ማየት እፈልጋለሁ» አለች።

እናቴን አየኋት። ይከፋታል ብዬ ነበር። «ልጄ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ስላፈጠጥክባት የምትድን ቢሆን እስካሁን ትድን ነበር። ሂድ። እኔ አለሁ» አለችኝ።

ሐምሌ መጨረሻ ነበር። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ሌሊቱን ስትታፈን ስላደረች ጠዋት ሐሳቤን ልቀይር ዳድቶኝ ነበር፤ እህቴ ግን የስፖርት ቁምጣዬን አጣጥፋ አልጋዬ ላይ አስቀምጣዋለች። ዶፉ ሲጥል አድሮ ሜዳው ሌላ ሆኗል። የእኛ አገር መረሬ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ያረሰ ያውቀዋል። ጥቁር ነው፣ ይለጠጣል፣ የያዘውን አይለቅም።

ግንዱን አለፍን። በመረቡ ሥር በደረታችን ተሳብን። ማዳበሪያውን እየተቀባበልን ተሸከምን። ደህና እየሄድኩ ነበር። የመጨረሻው ቦይ ላይ ግን ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ደረሰብኝ። መሃል ላይ ስረግጥ ቀኝ እግሬ እስከ ጭኔ ገባ። ግራውን ላወጣ ስል እሱም ሰመጠ። ጫማዬ ከውስጥ ወለቀ፤ የጭቃው ቅዝቃዜ በጣቶቼ መሃል ሲገባ ይሰማኛል። ስታገል ትንፋሼ አጠረ። አፌን ከፍቼ አየር እስባለሁ፤ አየሩ ግን አይበቃኝም። በዚያች ቅጽበት እህቴ ትዝ አለችኝ። ሌሊት ሌሊት የምትሆነው ይህን ነው አልኩ። እኔ ጤነኛው፣ ሮጬ ነው የደከምኩት። እሷ ግን ቁጭ ብላ ነው።

እዚያው እንደተተከልኩ አለቀስኩ። ዝናቡ ስለነበር ማንም አላየኝም። «እመቤቴ፣ እኔ አልቻልኩም። እኔ ልጠብቃት አልችልም፤ አንቺ ጠብቂያት። ትንፋሿን ከልጅሽ ለምኚልኝ» አልኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጸሎቴ ውስጥ «አልቻልኩም» የሚል ቃል አልነበረም። እያንዳንዱን ሌሊት ነቅቼ የማሳድራት እኔ ይመስለኝ ነበር።

ቀና ስል አራቱ ተሻግረው ሲያበቁ ተመልሰው ቦዩ ውስጥ ገብተዋል። ሁለቱ በብብቴ ያዙኝ፣ አንዱ እግሬን በእጁ ከጭቃው ይፈለፍላል፣ ባለ ባጃጁ ከዳር ሆኖ «ተኛበት! ሰውነትህን ልቀቀው!» ይላል። ለቀቅኩት። ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ጎትተው አወጡኝ። ስወጣ ከእኔ ጋር ያልወጣ ነገር ነበር። ያ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የከረመው ፍርሃት የለም። ሕመሙ እዚያው ነው፣ ስልኩም አልተደወለም፤ ፍርሃቱ ግን የለም። ሰው የሩጫ ሙቀት ነው ሊለኝ ይችላል። የሩጫ ሙቀት ለስንት ሰዓት ይቆያል? እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተአምር ብዬ የምመሰክረው ይህንን ነው።

ማን ቀድሞ እንደገባ አላውቅም። አምስታችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን፤ እኔ በአንድ እግር ጫማ።

ቤት ስደርስ እንዳለችው አልታጠብኩም። አይታኝ ሳቀች። ሳቋ ሳል አመጣባትና እናቴ ደንግጣ ውሃ ይዛ ሮጠች፤ እሷ ግን እያሳለችም ትስቃለች። «ጫማህስ?» ትላለች። ከጉንጬ ላይ ጭቃ በጣቷ ወስዳ አሸተተችው። ያን ሌሊት ተኛሁ። ጠዋት እናቴ «ስታንኮራፋ አደርክ፤ ደስ አለኝ» አለችኝ።

ስልኩ የተደወለው በፍልሰታ ጾም ነው። እናቴ ቅዳሴ ላይ ነበረች። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ተራችን ደረሰ፣ በሦስተኛው ቀን ግቡ አሉን። ገንዘቡን ጓደኞቼ አሰባስበው ነበር፤ እኔ ሳላውቅ፣ ከሩጫው ቀን ጀምሮ። ባለ ባጃጁ የቀን ገቢውን ሲያስቀምጥ ነበር የከረመው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቅንና በሌሊት ተነሳን። እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሸኖን እስክናልፍ እህቴ ቁጭ እንዳለች አሸለበች።

ሕክምናው ራሱ ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ በር ላይ ነበርን። እናቴ ዳዊቷን ይዛለች፤ ግን ገጽ አልገለጠችም። ሐኪሙ ወጥተው «ሰፍቷል፤ በደንብ ሰፍቷል» አሉን። እናቴ ወለሉ ላይ ወደቀች።

አሁን ወደምፈልገው መጣሁ። ወደ አልጋዋ ሲመልሷት ነርሷ መጣችና የአልጋውን ራስጌ ዝቅ አደረገችው። ደነገጥኩ። «እህት፣ እሷ እኮ ተኝታ መተንፈስ አትችልም» አልኳት። ነርሷ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ቱቦው በብሽሽቷ ስለገባ ደም እንዳይፈስ ለተወሰኑ ሰዓታት እግሯን ዘርግታ፣ በጀርባዋ ጋደም ብላ መተኛት አለባት። ትእዛዝ ነው። ምርጫ የለም።

እህቴ እኔን አየችኝ፤ እኔ እሷን። ጋደም አለች። ጠበቅሁ። ደረቷ ይወጣል፣ ይወርዳል። በዝግታ። ከንፈሯ ደህና ነው። «እንዴት ነሽ?» አልኳት። «ገባ እኮ» አለችኝ። «ምኑ?» ስላት «አየሩ» አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

በመጋረጃው ማዶ ሆኜ የለመንኩትን፣ ቃል በቃል፣ ሐኪም ትእዛዝ አድርጎ ሰጠኝ። ይህን አጋጣሚ ነው የሚል ይበል። እኔ ግን አልጋው አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። እናቴን ቀሰቀስኳትና ሁለታችንም ቆመን አየናት።

እህቴ ዛሬ ትምህርቷን ቀጥላለች። ቫልቩ ሰፋ እንጂ አዲስ አልሆነም፤ ክትትል አላት፣ በየአራት ሳምንቱም መርፌዋን ትወጋለች፤ ገና ለዓመታት ትወጋለች። ዳገቱን ግን ሳትቆም ትወጣዋለች። ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ጃንጥላውን ይዘን ጻድቃኔ ሄድን። አራቱም ጓደኞቼ አብረውን ነበሩ። ጃንጥላውን ያስረከበችው ራሷ ናት፤ እናቴ ከኋላ እልል ትላለች።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። እኛ በነበርንበት ክፍል ወረፋቸውን የሚጠብቁ ሌሎች ልጆች ነበሩ። እናቴ የክርስትና ስማቸውን ጠይቃ ጽፋ ይዛለች፤ ማታ ማታ አንድ በአንድ ትጠራቸዋለች። ለአንዱ ባለፈው ሳምንት ተደውሎለታል። የቀሩትን በጸሎታችሁ አስቡልን።