ሬድ ሮክስን ደሴ ላይ ማዳመጥ

የስዊድኑ የሜታል ባንድ ኦፔዝ «ጋርደን ኦቭ ዘ ታይተንስ» የተባለውን የመድረክ አልበሙን የቀዳው ሬድ ሮክስ በሚባል ቦታ ነው፤ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ሞሪሰን አጠገብ። ኮንሰርቱ ሜይ 11 ቀን 2017 ተካሄደ፣ አልበሙ በኖቬምበር 2018 ወጣ (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የቦታው ከፍታ 1,960 ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ከዚያ በመጠኑ ዝቅ ትላለች፣ ደሴ ደግሞ 500 ሜትር ያህል ትበልጠዋለች። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን የሚወጣ መኪና ሁሉ ዳገቱ ላይ አንድ ቦታ የሬድ ሮክስን ከፍታ ያልፋል ማለት ነው።

ከፍታውን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። የመድረክ አልበም ማለት ሙዚቃና ቦታ አንድ ላይ የተቀዱበት ሥራ ነው፤ ቦታው ካልተሰማ ስቱዲዮ የተሠራውን ማዳመጥ ይሻላል፣ እሱ ይጠራል። ሬድ ሮክስ ጣሪያ የለውም። በ1941 የተከፈተ፣ ግራና ቀኙን 90 ሜትር በሚደርሱ ቀያይ ዐለቶች የታጠረ፣ ከ9,500 ያላነሰ ሕዝብ የሚይዝ ዳገታማ ቲያትር ነው። ድምፁን መልሶ የሚወረውር ኮርኒስ ስለሌለ የድራሙ ምት ቶሎ ይደርቃል። ይህን በጆሮ ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ይኸው ባንድ ኤፕሪል 5 ቀን 2010 ለንደን ውስጥ በሮያል አልበርት ሆል የቀዳውም አልበም አለው። ያ አዳራሽ ትልቅ ጉልላት አለው፤ ከ1871 ጀምሮ በገደል ማሚቶው ሲታማ ኖሮ በ1969 ድምፅ የሚበትኑ የፋይበር ግላስ ክቦች ከጣሪያው ሥር ተሰቀሉለት። ከሁለቱም አልበሞች አንድ አንድ ዘፈን ምረጡና የመጨረሻዎቹን አሥር ሴኮንዶች ብቻ አከታትላችሁ ስሙ። የመጨረሻው ምት ከወረደ በኋላ የቀረው ድምፅ እስኪጠፋ ቁጠሩ፤ ጭብጨባውም ከየት እንደሚመጣ አስተውሉ። በለንደኑ ጭብጨባው ከላይም ይመጣል።

ይህ ልዩነት ግን በቀላሉ የሚሞት ነገር ነው። መጀመሪያ የሚገድለው ፋይሉ ነው። አልበሙ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። በ128 ኪሎ ቢት ኤም ፒ ስሪ ከተገለበጠ 86 ሜጋ ባይት አካባቢ፣ በ320 ደግሞ 216 አካባቢ ይሆናል። ከድምፁ ምንም ሳይጎድል የተጨመቀው፣ ፍላክ የሚባለው ፋይል ከ550 እስከ 650 ሜጋ ባይት ሊደርስ ይችላል። በ128 መጀመሪያ የሚበላሹት የድራም ሲምባል (የናሱ ሳህን) እና ጭብጨባ ናቸው፤ ሁለቱም የተበታተነ ድምፅ ስለሆኑ ለመጭመቅ አይመቹም፣ ውሃ ውስጥ የገቡ ይመስላሉ። ቦታውን የሚነግረንም ይኸው የተበታተነ ድምፅ ነው። ስለዚህ ከ320 በታች አትውረዱ። ከሰው ፍላሽ የተቀዳ ከሆነ ስሙ 320 ቢልም በመጠኑ አረጋግጡ፦ ለአንድ ደቂቃ 2.4 ሜጋ ባይት መምጣት አለበት። መጠኑ ልክ ሆኖም ሲምባሉ ውሃ ውሃ ካለ፣ መጀመሪያ ተጨምቆ የነበረ ፋይል እንደገና የተለወጠ ነው፤ የጠፋው አይመለስም።

ሁለተኛው ገዳይ በዘፈንና በዘፈን መካከል የሚፈጠረው ቁርጥ ዝምታ ነው። ኤም ፒ ስሪ በፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ባዶ ድምፅ ይጨምራል። በስቱዲዮ አልበም አይታወቅም፤ እዚህ ግን ሕዝቡ እየጮኸ ሳለ ድምፁ ጠፍቶ ይመለሳል፣ ዐለቱም ሕዝቡም አብረው ይጠፋሉ። ማጫወቻው ላይ ጋፕለስ (ያለ ክፍተት) የሚለውን ማብራት፣ ድምፅ የሚያመጣጥነው ቅንብር ካለ ደግሞ በየዘፈኑ መሆኑ ቀርቶ በአልበም እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። በየዘፈኑ ከተመጣጠነ ለስላሳው ዘፈን እንደ ከባዱ ይጮኻል፣ የሕዝቡም ድምፅ በየመሃሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ቤዝ የሚያጋንነውንም አጥፉት።

ትንንሾቹን የብሉቱዝ ስፒከሮች ለዚህ አልበም አልመክርም። ብዙዎቹ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ያደባልቃሉ። ኦፔዝ ሁለት ጊታር አለው፣ የሚካኤል ኦከርፌልትና የፍሬድሪክ ኦከሶን፤ ተደባልቀው ከመጡ ሁለቱን መለየት ይቸግራል። ከእንዲህ ያለው ስፒከር ባለ ገመድ ርካሽ ኢርፎን ይሻላል።

በትክክለኛ ስፒከር የምትሰሙ ከሆነ ክፍሉን አስቡ። ደሴ ላይ የተለመደው አራት በአራት የሆነ የብሎኬት ክፍል አንድ ትልቅ ችግር አለው፦ በ43 ኸርዝ አካባቢ ራሱ ያስተጋባል፣ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ስለሆነም ማስተጋባቱ ይደራረባል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በጣት ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ነው። የማርቲን ሜንዴዝ ቤዝ እዚያች ኖታ ላይ በደረሰ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ይሸፈናል። ስፒከሮቹን ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር አርቁ፣ ማዕዘን ውስጥ አትክተቱ። በመካከላቸው 2.4 ሜትር ይኑር፣ እናንተም ከእያንዳንዳቸው ያንኑ ያህል ራቁ። ጀርባችሁን ለግድግዳ አትስጡ፤ ቤዙ እዚያ ይከማቻል። የክፍሉ መሃል ላይም አትቀመጡ፤ እዚያ ደግሞ ይጠፋል። ከኋላ ግድግዳው አንድ ሜትር ከአርባ አካባቢ ጥሩ ነው። ከኋላችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ስቀሉ፤ ቤዙን አይነካውም፣ የሲምባሉን ጩኸት ግን ያረግበዋል። በሐምሌና በነሐሴ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ ሰዓት ምረጡ፦ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ይሻላል።

መብራት ሲሄድ አምፕሊፋየሩን ከሶኬቱ ንቀሉ፣ ሲመለስም አምስት ደቂቃ ያህል ታገሡ። ዕቃ የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ኃይል ነው። ከላፕቶፕ የምታጫውቱ ከሆነ እና ዝዝዝ የሚል ድምፅ ካለ ቻርጀሩን ንቀሉ። ከጠፋ ችግሩ የመሬት መስመር ነው፤ በባትሪ ጨርሱት። ደሴ ላይ ሌላም ነገር አለ። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ቶሎ አይወስድም። አምፕሊፋየሩ በላይ በኩል 15 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁንለት፣ ዳንቴል አታልብሱት። ዕቃ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ይዞ የሚወርድ ሰው ከማብራቱ በፊት አንድ ሰዓት ያቆየው፤ ውስጡ እርጥበት ሊያዝ ይችላል። ዳገቱን ወጥቶ የገባ ጆሮም እንዲሁ ነው፦ ተደፍኖ እያለ ስለ ድምፅ ጥራት መፍረድ አይቻልም። ዋጥ ዋጥ፣ አዛጋ አድርጉና ሲከፈት ጀምሩ።

አሁን ወደ ዘፈኖቹ። አሥር ናቸው፣ ከ1998 እስከ 2016 ከወጡ አልበሞች የተለቀሙ። ከ2011ዱ «ሄሪቴጅ» ጀምሮ ኦፔዝ ወደ 1970ዎቹ ፕሮግሬሲቭ ሮክ ዞሮ ነበር፣ ኦከርፌልትም በእነዚያ አልበሞች ላይ ግራውል የሚባለውን ከጉሮሮ ማጓራት ትቶት ነበር። መድረክ ላይ ግን አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። እዚህ የሚያጓራባቸው አራት ብቻ ናቸው፦ ሁለተኛው «ጎስት ኦቭ ፐርዲሽን»፣ ሦስተኛው «ዲመን ኦቭ ዘ ፎል»፣ ስምንተኛው «ኤር አፓረንት» እና የመጨረሻው «ዴሊቨረንስ»። ለማጓራቱ አዲስ የሆነ ጆሮ በተራ ቁጥር አይሂድ። በአምስተኛው፣ በ«ኢን ማይ ታይም ኦቭ ኒድ» ይጀምር። ከ2003ቱ «ዳምኔሽን» የመጣ ነው፣ አልበሙ ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ ነው። ከዚያ አራተኛውን «ዘ ዋይልድ ፍላወርስ»ን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ይስማ። «ጎስት ኦቭ ፐርዲሽን» ውስጥ አንዱ ሰው በአንዱ ዘፈን ያጓራልም፣ በጠራ ድምፅ ያንጎራጉራልም። ማጓራቱን እንደ ንዴት ሳይሆን እንደ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ መስማት የሚለመደው እዚያ ነው።

«ዲመን ኦቭ ዘ ፎል» ላይ እርስ በርስ የሚሻኮቱ ድምፆች አሉ፣ ብዙ ሰው እዚያ ይሸሻል። የወሎ ሰው ግን መሸሽ የለበትም ባይ ነኝ። አንቺ ሆዬን አስቡት። ከመነሻው ድምፅ እስከ አራተኛው ያለው ርቀት ሦስት ሙሉ ቶን ነው፤ ሄቪ ሜታል ማስፈራሪያው ያደረገው ርቀት ይኸው ነው። በማሲንቆ ሲሰማው ያደገ ጆሮ አይደነግጥበትም። ምቱም ላይ ችክችካ ይረዳል፦ ስድስቱን ምት ሁለት ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ መቁጠር የለመደ እግር፣ ሁለት አቆጣጠር ባንድ ጊዜ ሲሄድ አይጠፋበትም።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው «ዴሊቨረንስ» መጨረሻ ላይ ነው። ዘፈኑ ራሱ ከአሥር ደቂቃ በላይ ነው፣ መዝጊያው አንድ ሐረግ ብቻ እየደጋገመ ለደቂቃዎች ይሄዳል። የማርቲን አክሰንሮት የእግር ከበሮና ጊታሮቹ እኩል ይመታሉ፣ እኩል ይቆማሉ፣ በመሃል የሚተዉት ክፍተት ግን እኩል አይደለም። ጊታሩን ተከትሎ የሚቆጥር ይወድቃል። የምትቆጥሩት በሲምባሉ ይሁን፣ እሱን በእግራችሁ ያዙና ጊታሩን ተዉት፣ ራሱ ይመጣላችኋል። እዚህ ላይ የድምፁ ከፍታ ወሳኝ ነው። ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ቤዝና የእግር ከበሮ በደንብ አይሰማም፣ ስለዚህ ቀነስ አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ግማሹን ሐረግ ያጣዋል። ከፍ አድርጉት። አንድ ክንድ ራቅ ብሎ የሚናገር ሰው ካልተሰማችሁ ግን አልፋችኋል፣ መልሱት።

ሐረጉ ሲቆረጥ ማቆሚያውን አትንኩ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሕዝቡ ነው፣ ድምፁም ወደ ላይ ሄዶ የሚመልሰው ነገር አያገኝም፤ ፋይሉ ራሱ እስኪያልቅ ተዉት።